ስም ያልነበረው የሕፃናት ነቀርሳ

በሽታ ስም እስኪወጣለት ድረስ በሽተኛው እንጂ በሽታው አይታወቅም። እናት ልጇ ታሞ መሞቱን ታውቃለች፤ ጎረቤትም አልቅሶ ይቀብራል፤ ነገር ግን በሩቅ መንደር የምትኖር ሌላ እናት በዚያው ሕመም ልጇን መቅበሯን ማንም አይነግራትም። ሁለቱ ሐዘኖች በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፈው እስኪገናኙ ድረስ ሐኪም ምክንያቱን ሊመረምር፣ መንግሥት ገንዘብ ሊመድብ፣ ለጋስም እጁን ሊዘረጋ አይችልም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ምክር ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለአገርም ይሠራል።

ይህን በግልጽ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ ከእኛ እምብዛም ሳይርቅ፣ በዑጋንዳ አገር የተፈጸመው ነው። ዛሬ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት «የቡርኪት ሊምፎማ» ተብሎ የሚጠራው የሕፃናት ነቀርሳ (ካንሰር) እንዴት እንደ ታወቀ፣ ምርምሩ በምን ያህል ገንዘብ እንደ ተጀመረ፣ ምን ፍሬ እንዳፈራና ምንስ ሳይፈጸም እንደ ቀረ ባጭሩ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ነቀርሳ ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን ከሆኑት፣ ሰውነትን ከተላላፊ በሽታ ከሚጠብቁት ሕዋሳት የሚነሣ ነው። በሞቃታማው የአፍሪካ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ሕፃናትን ነው። በብዙዎቹ ላይ በመንጋጋ ይጀምራል፤ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ፊት ያብጣል፤ ዐይንም ከቦታው ይገፋል። በሌሎቹ ደግሞ በሆድ ዕቃ ውስጥ ያድጋል። በፍጥነቱ የሚስተካከለው የነቀርሳ ዐይነት ጥቂት ነው፤ ሕዋሳቱ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉና። ሳይታከም የቀረ ሕፃን በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል።

በኤውሮጳና በአሜሪካ ይህ በሽታ ብርቅ ነው። ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አገሮች ግን ከሕፃናት ነቀርሳዎች ሁሉ በብዛት ከሚታዩት ተርታ ይቈጠራል። እንግዲህ «ብርቅ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ቈጣሪው ማን እንደ ሆነና የት ሆኖ እንደ ቈጠረ መጠየቅ ይገባናል። እስከ 1950ዎቹ ዓመታት ድረስ ይህ በሽታ ራሱን ችሎ በመጽሐፍ ስላልተጻፈ ብርቅ እንኳ ለመባል አልበቃም፤ እንደሌለ ተቈጠረ እንጂ።

ይሁን እንጂ ያየው ሐኪም አልነበረም ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም አልበርት ኩክ በ1897 በካምፓላ የመንጎን ሆስፒታል ካቋቋሙ በኋላ የበሽተኞቻቸውን ሁኔታ በትጋት በመዝገብ ያጽፉና ይጽፉ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊቃውንት ከ1897 እስከ 1956 ድረስ የተጻፈውን የመንጎ መዝገብ ገልጠው መርምረው የደረሱበትን በ1964 ሲያሳትሙ፣ የመንጋጋ ዕባጭ የያዛቸው ሕፃናት ታሪክ በዚያ መዝገብ ውስጥ መኖሩ ታወቀ። መዝገቡ ምስክርነቱን ጽፎ አስቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ገጽ እያመሳከረ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ በሽታ ናቸው የሚል ሰው ሳይገኝ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ።

ይህን ያለው ሰው ዴኒስ ቡርኪት ነው። ዶክተር ቡርኪት በ1911 በአየርላንድ፣ ኤኒስኪለን በተባለው ከተማ ተወለዱ። ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በደረሰባቸው አደጋ አንድ ዐይናቸውን አጡ። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሕክምና ተምረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1946 ወደ ዑጋንዳ መጡ፤ ከ1948ም ጀምሮ በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆነው ሠሩ።

በ1957 የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ሂው ትሮዌል አንድ የ5 ዓመት ያህል ወንድ ልጅ እንዲያዩላቸው ጠሯቸው። የልጁ መንጋጋ በግራና በቀኝ፣ በላይና በታች አብጦ ነበር። ዕባጭ ከአንድ ስፍራ ይነሣል፤ በአንድ ጊዜ በአራት ማዕዘን መነሣቱ ግን ያልተለመደ ነገር ስለ ሆነ ሐኪሙ ምክንያቱን ሊያውቁት አልቻሉም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ጂንጃ ከተማ ሆስፒታል ሄደው ሳለ ፊቷ በዚያው ዐይነት ያበጠ አንዲት ልጅ በመስኮት አሻግረው አዩ። ሲመረምሯትም በሆዷ ውስጥ ሌላ ዕባጭ አገኙ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ድንገተኛ አለመሆኑን ተረድተው ወደ ሙላጎ ተመለሱና የሆስፒታሉን የቀድሞ መዝገቦች ማገላበጥ ጀመሩ። በ1958 የ38 ሕፃናትን ታሪክ አሰባስበው በአንድ የእንግሊዝ የቀዶ ጥገና መጽሔት አሳተሙ። ከዚያም በካምፓላ የነበሩት የበሽታ ምርመራ ሊቃውንት ዴቪስና ኦኮነር ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ አይተው፣ የመንጋጋውና የሆዱ ዕባጭ አንድ በሽታ መሆኑን፣ ወገኑም ሊምፎማ መሆኑን አስረዱ።

ጽሑፉ ሲታተም ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ዶክተር ቡርኪት ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለማንኛውም የመሥሪያ ቤት ሰው ትምህርት የሚሰጥ ነው። በእጃቸው የገባው የመጀመሪያው የምርምር ገንዘብ 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። በዚህ ገንዘብ የበሽተኞቹን ፎቶግራፍ የያዘ የመጠይቅ ወረቀት አሳትመው፣ የፖስታ ቴምብር ገዝተው፣ በአፍሪካ ላሉት የመንግሥትና የሚሲዮን ሆስፒታሎች ከ1,000 የማያንስ ወረቀት ላኩ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ እንዲህ ያለ ሕፃን አይታችኋልን? የት? መቼ? የሚል ነው። መልስ በመጣ ቍጥር በቢሯቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የአፍሪካ ካርታ ላይ ምልክት አደረጉ። ምልክቱ እየበዛ ሲሄድ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አፍሪካን የሚያቋርጥ ሰፊ መቀነት ታየ። በየጫካው ዳር ብቻውን ሲሠራ የነበረው ሐኪምም እሱ ያየው ሕፃን ብቻውን እንዳልነበረ ያወቀው በዚያች ወረቀት ነው።

መቀነቱ በደቡብ በኩል የት ላይ እንደሚያልቅ ለማወቅ ደግሞ በዐይን ማየት አስፈለገ። በጥቅምት ወር 1961 ዶክተር ቡርኪት ቴድ ዊልያምስና ክሊፍ ኔልሰን ከተባሉት ሁለት ሚሲዮናውያን ሐኪሞች ጋር ሆነው በአንድ አሮጌ የፎርድ መኪና ከካምፓላ ተነሡ። መኪናው የተገዛው በ250 ፓውንድ ነው። በ10 ሳምንት ውስጥ 10,000 ማይል፣ ማለትም 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሆስፒታሎችን ጐበኙ። በየደረሱበት ፎቶግራፉን እያሳዩ ጠየቁ፤ በሽታው ያለበትን ብቻ ሳይሆን የሌለበትንም ስፍራ በጥንቃቄ ጻፉ። የጕዞው ጠቅላላ ወጪ 678 ፓውንድ ሆነ። በዚያ ዘመን ታላላቅ የምርምር ቤቶች ለአንድ መሣሪያ መግዣ ብቻ ከዚህ የበለጠ ያወጡ ነበር።

ጕዞው ያስገኘው ዕውቀት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በሽታው ከምድር ወገብ አጠገብ ባሉት አገሮች ከ5,000 ጫማ፣ ማለትም ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነው ከፍተኛ ስፍራ አልተገኘም፤ ወደ ደቡብ በተሄደ መጠን ወሰኑ እየዝቅተኛ ሄደ። በኢንቴቤ የቫይረስ ምርምር ተቋም የነበሩት አሌክሳንደር ሃዶው ይህ የከፍታ ወሰን በእውነቱ የሙቀት ወሰን መሆኑን አመለከቱ። ብርዱ በሚጠነክርበት፣ ዝናቡም በሚያንስበት ስፍራ በሽታው የለም። እንዲህ ያለ ወሰን የሚያከብረው ደግሞ ትንኝ ነው። 1,500 ሜትር ማለት በእኛ አገር አቈጣጠር ቈላው አልቆ ወይና ደጋው የሚጀምርበት ስፍራ ነው። የደጋ ገበሬ ወደ ቈላ ወርዶ ማደርን የሚፈራው፣ ንዳድ የቈላ በሽታ መሆኑን ከአባቱ ስለ ሰማ ነው። ካምፓላ ላይ በካርታ የተሳለው መሥመር፣ አባቶቻችን ያለ ካርታ ከሚያውቁት መሥመር ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ ጊልበርት ዳልዶርፍና ሌሎች ሊቃውንት ወባ በተደጋጋሚ የሚይዘው ሕፃን ሰውነቱ ለዚህ ነቀርሳ ይጋለጣል የሚለውን ሐሳብ በ1960ዎቹ አቀረቡ፤ በኋላ የተደረጉትም ጥናቶች ይህን ሐሳብ የሚደግፉ ሆነዋል።

በዚህ መካከል ሕፃናቱን ማን ያድናቸው የሚለው ጥያቄ ነበረ። በመንጋጋ ላይ የተሠራጨውን ዕባጭ በቢላዋ ቈርጦ መጨረስ አይቻልም፤ በዑጋንዳም በጨረር ማከሚያ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ የቀረው መንገድ መድኃኒት ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ ታሪኩን ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ1947 ዶክተር ሲድኒ ፋርበር በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የደም ነቀርሳ የያዛቸውን ሕፃናት አሚኖፕተሪን በተባለ መድኃኒት ማከም ጀመሩ። በ1948 የአንድ በሽተኛ ልጅ ድምፅ በአሜሪካ ሬዲዮ ተሰምቶ፣ እውነተኛ ስሙ ተሰውሮ «ጂሚ» ተብሎ፣ ሕዝቡ በዚያው ዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ አዋጣ። የአሚኖፕተሪን ወንድም የሆነው ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ነው በኋላ ወደ ካምፓላ የደረሰው። የኒው ዮርኩ ሐኪም ጆሴፍ በርቸናል ከምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሞች ጋር ተባብረው ነበር። ዶክተር ቡርኪት፣ በናይሮቢ ፒተር ክሊፎርድ፣ በኢባዳን ደግሞ የካሜሩኑ ተወላጅ ቪክተር አኖማ ንጉ ይህንና ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን መድኃኒት ሲሰጡ፣ አስፈሪው እብጠት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሟሽሽ ታየ። አንዳንዶቹ ሕፃናት በአንድ ወይም በሁለት መጠን መድኃኒት ብቻ ፈጽመው ዳኑ። ነቀርሳ በመድኃኒት ብቻ ሊድን ይችላል የሚለው ነገር ገና በሚያጠራጥርበት ዘመን ይህ ለዓለም ሐኪሞች ታላቅ ማረጋገጫ ሆነ። በ1972 የአሜሪካ የላስከር ሽልማት በነቀርሳ መድኃኒት ለደከሙ ሐኪሞች ሲሰጥ ቡርኪት፣ በርቸናልና ንጉ ከተሸላሚዎቹ መካከል ነበሩ።

በመጋቢት ወር 1961 ደግሞ ዶክተር ቡርኪት በለንደን በሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር አደረጉ። አንቶኒ ኤፕስታይን የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ኤፕስታይን በዶሮ ላይ ነቀርሳ የሚያመጣ ቫይረስ ያጠኑ ስለ ነበር፣ የሙቀት ወሰን የሚያከብር ነቀርሳ መኖሩን በሰሙ ጊዜ በሰውም ላይ እንዲህ ያለ ቫይረስ ሳይኖር አይቀርም ብለው ዐሰቡ። ከዚያ በኋላ ከካምፓላ የዕባጭ ናሙና በአውሮፕላን ወደ ለንደን ይላክ ጀመር። ሁለት ዓመት ያህል ግን ምንም አልተገኘም። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 45,000 ዶላር ከሰጠ በኋላ ኤፕስታይን በርት አቾንግንና ኢቮን ባርን ረዳት አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ። በታኅሣሥ ወር 1963 ናሙና የያዘው አውሮፕላን በጉም ምክንያት ለንደን ማረፍ ሳይችል ወደ ማንቸስተር ዞረ። ናሙናው ዘግይቶ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሶ ነበር። የተበላሸ መስሎ ነበር፤ ሲመረመር ግን ሕያዋን ሕዋሳት በውስጡ ሲንሳፈፉ ተገኙ። እነዚያ ሕዋሳት በብልቃጥ ውስጥ ተራቡ፤ በ1964ም መጀመሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ቫይረሱ ታየ። በሰው ላይ ነቀርሳ ከማምጣት ጋር የተያያዘ ቫይረስ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ዛሬም በኤፕስታይንና በባር ስም ይጠራል።

ይህ ቫይረስ ከ10 ጐልማሶች በ9ኙ ሰውነት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጕዳት፣ የሚኖር መሆኑ በኋላ ታወቀ። ከአፍንጫ ጀርባ በሚነሣ ነቀርሳና በሌሎችም ዐይነቶች ውስጥ እጁ ተገኘ። በ1982 ደግሞ በቡርኪት ሊምፎማ ሕዋሳት ውስጥ አንድ የዘር ቅንጣት ከቦታው ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ እንደሚሄድና ሕዋሱን ያለ ልጓም እንዲራባ እንደሚያደርገው ታየ። ይህ ዕውቀት በሌሎች ብዙ ነቀርሳዎች ላይ ለተደረገው ምርምር መንገድ ከፈተ። በመንገድ ዳር ሆስፒታል የታየች የአንዲት ሕፃን እብጠት ለዓለም ሁሉ ያስተማረችው ነገር እንዲህ ያለ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንለፍ። በ1967 በካምፓላ ከማከሬሬ ዩኒቨርሲቲና ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ጋር በመተባበር የሊምፎማ ማከሚያ ማዕከል ተከፈተ፤ ይህም የዛሬው የዑጋንዳ የካንሰር ተቋም መነሻ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ጆን ዚግለር መሩት፤ ዑጋንዳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሰባስቲያን ክያልዋዚም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። በዚያ የተገኘው የሕክምና ውጤት በዓለም የተመሰገነ ሆነ። ነገር ግን በ1971 ኢዲ አሚን ሥልጣን ያዙ፤ በ1972ም የውጭ አገር ሐኪሞች መሄድ ጀመሩ። ዑጋንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ኦልዌኒ ተቋሙን ተረክበው በዚያ አስጨናቂ ዘመን በሩ እንዳይዘጋ ደከሙ። የውጭው ገንዘብ እየነጠፈ ሲሄድ አልጋው፣ መድኃኒቱና የሰለጠነው ሰው እያነሰ ሄደ። በ2004 ዶክተር ጃክሰን ኦሬም መሪነቱን ከያዙ በኋላ ነው ተቋሙ እንደገና ያንሰራራው፤ በ2015ም ከሲያትሉ የፍሬድ ሀቺንሰን ማዕከል ጋር የተሠራው አዲስ ሕንፃ ተመረቀ።

ስለዚህ ጥቅሙና ድካሙ በእኩልነት አልተከፋፈለም። ናሙናው ከአፍሪካ ሕፃናት ተወሰደ፤ ዕውቀቱ በለንደንና በአሜሪካ አደገ፤ ዛሬ በሀብታም አገሮች ይህ በሽታ ከያዛቸው ከ10 ሕፃናት 9 ያህሉ ይድናሉ። በሽታው በሚበዛባት በአፍሪካ ግን የሚድኑት ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ጐድሎ የተገኘው መድኃኒቱ አይደለም፤ ዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች ከ50 ዓመት በላይ የታወቁ ናቸውና። የጐደለው ሕፃኑ በጊዜ መድረሱ፣ በሽታውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ሳይቋረጥ የሚቀርብ መድኃኒት፣ ወላጅ ከሆስፒታል አጠገብ የሚያድርበት ስፍራና የመመለሻ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ በጀት የሚመድብ ሹም አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል። ወባና ተቅማጥ ብዙ ሕፃናትን በሚገድሉበት አገር፣ ጥቂቶችን ስለሚይዝ ነቀርሳ ገንዘብ ማውጣት ፍርድ ነውን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መንሣት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ታሪኩ ሦስት ነገሮችን ያሳስበናል። አንደኛ፣ በሽታው ጥቂት ነው ለማለት አስቀድሞ መቍጠር ያስፈልጋል፤ ሳይቈጠር የሚሰጥ ፍርድ ግምት ነው። ሁለተኛ፣ የዚህ ምርምር መጀመሪያ የጠየቀው 25 ፓውንድና የፖስታ ቴምብር እንጂ የአገርን ግምጃ ቤት አልነበረም። ሦስተኛ፣ ብርቅ ተብሎ የተናቀው በሽታ ከወባ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱን መመርመር ሌላውን መመርመር ሆነ።

በአገራችንም በ2011 የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ሥራውን ጀምሯል። መዝገብ ሲታይ ደረቅ ነገር ይመስላል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ የበሽታ ዐይነት፣ ቀን ብቻ ነው። ቢሆንም የመንጎ ሆስፒታል መዝገብ ባይጠበቅ ኖሮ የእነዚያ ሕፃናት ምስክርነት ከእነሱ ጋር በተቀበረ ነበር። ስለዚህ በሩቅ ጤና ጣቢያ የበሽተኛውን ዕድሜና መንደር በትክክል የሚጽፍ ጸሓፊ፣ የተማሪው ፊት በአንድ ወገን ማበጡን አይቶ ጥርስ ነው ብሎ ሳያልፍ ወላጁን ወደ ሐኪም የሚልክ መምህር፣ ከቈላ ወረዳ የመጣውን የአንድ ሪፖርት ቍጥር ከሌላው ጋር የሚያመሳክር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ሁሉም የምርምሩ ተካፋዮች ናቸው።

ገንዘብም ቢሆን በዚሁ መንገድ ይመጣል። በአሜሪካ ሕዝቡ ያዋጣው የአንድ ልጅ ድምፅ ስለ ሰማ ነው፤ በአፍሪካ ሐኪሞቹ መልስ የሰጡት ፎቶግራፍ ስላዩ ነው። ሰው ያላወቀውን ነገር አይረዳም፤ ያወቀውን ግን ሃምሳ ሎሚውን እንደሚካፈል ሰው አብሮ ይሸከማል። ዕውቀቱን ማሠራጨት የተማረው ክፍል ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው በሩቅ መንደር ያለችው እናት ልጇን ይዛ የምትሄድበት ስፍራና የምትጠራው የበሽታ ስም ሲኖራት ነው።